ስለ ፍርሃት ትዝታና ስለ ፈውሱ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

አባቶቻችን «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ብለው ተርተዋል። አንድ ጊዜ እባብ ያስደነገጠው ሰው በመንገድ ላይ የወደቀ የዛፍ ልጥ ባየ ጊዜ፥ ልጥ መሆኑን ሳይመረምር እግሩ ቀድሞ ይሸሻል ማለት ነው። በዚህ አጭር ተረት ውስጥ የዘመናችን ሊቃውንት በብዙ ድካም የመረመሩት ታላቅ ነገር ይገኛል። ይኸውም ፍርሃት ካለፈ በኋላ የማያልፍ ትዝታ በሥጋ ውስጥ ጽፎ እንደሚሄድ፥ ይህም ጽሕፈት ሰውን ሳይፈቅድና ሳያስብ እንደሚያንቀሳቅሰው ነው።

ስለዚህ ነገር እንድንጽፍ ያስገደደን ምክንያት ከአንባብያን የተሰወረ አይደለም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜኑ የሀገራችን ክፍል ከተደረገው ጦርነት በኋላ፥ ከዚያም ወዲህ በየስፍራው ከደረሰው ግጭት የተነሣ፥ ሌሊት እየቃዡ የሚጮኹ፥ በር ሲንኳኳ የሚበረግጉ፥ ያዩትን እንዳያስቡ ከሰው የሚሸሹ ብዙ ምእመናን ወደ ንስሐ አባቶቻቸው ይመጣሉ። በሊቢያ ምድረ በዳና በባሕር ላይ ሞትን አይተው ወደ አውሮፓ ከተሻገሩት ወንድሞችና እኅቶች መካከልም እንዲሁ ያሉ አይጠፉም። የንስሐ አባት ለእነዚህ ምን ብሎ ይመልስላቸው? «እምነትህ ቢጸና ኖሮ አትፈራም ነበር» ይበላቸውን? ወይስ መንፈስ ርኩስ ነው ብሎ ይፍረድ? ወይስ ወደ ሐኪም ሰድዶ እጁን ይታጠብ?

እኛም በዚህ ነገር የሳትንበትን አስቀድመን ብንናገር ይሻላል። የንስሐን ምሥጢር መግለጥ ክልክል ስለ ሆነ በኑዛዜ የሰማነውን አናነሣም፤ በሕዝብ ፊት የታየውን ብቻ እንናገራለን። ከጦርነት የተመለሰ አንድ ጎልማሳ በበዓል ቀን በማሕሌት ቆሞ ሳለ ከበሮ በተመታ ጊዜ፥ ፊቱ ዐመድ መስሎ፥ ላብ አጥምቆት፥ ሕዝቡን እየገፋ ወጣ። ይህም ሁለትና ሦስት ጊዜ ተደገመ። በዙሪያው የነበሩት «የሰፈረበት መንፈስ ምስጋናውን እየሸሸ ነው» አሉ። እኛም ሳንመረምር ይህን ተቀብለን ስግደት ጨመርንበት፤ ከከበሮው አጠገብ እንዲቆምም አዘዝነው። አንድ ቀን እንደ ታዘዘው ቆመ፤ ከዚያ ወዲህ ግን ወደዚያች ቤተ ክርስቲያን አልተመለሰም። ከብዙ ጊዜ በኋላ ሐኪሞች የሚያስተምሩትን በሰማን ጊዜ፥ የከበሮው ድምፅ ለዚያ ሰው የከባድ መሣሪያ ድምፅ ሆኖበት እንደ ነበረ አስተዋልን። እርሱ ሞትን ሲሸሽ እኛ እግዚአብሔርን እንደሚሸሽ ቈጠርነው። ይህ ጸጸት ነው ነገሩን እንድንማር ያደረገን፤ ሌላው ካህን እንደ እኛ እንዳይሳሳት የተማርነውን ባጭሩ እናቀርባለን።

ፍርሃት በሥጋ ውስጥ የሚሄድበት መንገድ

በሊቃውንቶቻችን ትምህርት ሰው ከአራቱ ባሕርያተ ሥጋና ከሦስቱ ባሕርያተ ነፍስ የተፈጠረ ነው። አራቱ መሬት፥ ውኃ፥ ነፋስና እሳት ሲሆኑ፥ ነፍስ ደግሞ ለባዊት፥ ነባቢት፥ ሕያዊት ናት። ሥጋና ነፍስ ተዋሕደው አንድ ሰው ስለሚሆኑ የሥጋው ቍስል ወደ ነፍስ፥ የነፍስም ኀዘን ወደ ሥጋ ይደርሳል። እንግዲህ የፍርሃትን መንገድ በሥጋ ውስጥ መፈለግ የነፍስን ክብር አይቀንስም፤ ነፍስ ያደረችበትን ቤት በሩንና መስኮቱን ማወቅ ነው እንጂ።

በአንጎል ውስጥ በግራና በቀኝ የለውዝ ፍሬ የምትመስል አንዲት ትንሽ ክፍል አለች። ስለ መልኳም ሊቃውንቱ ከግሪክ ቋንቋ ወስደው አሚግዳላ ብለዋታል። ለውዝ ስንል በገበያ የሚሸጠውን ኦቾሎኒ ሳይሆን የአሮን በትር ያፈራችውን ማለታችን ነው (ዘኍ. 17፥8)። የዚህች ክፍል ሥራ አደጋን ቶሎ ማወቅና ለአካል ሁሉ ማስታወቅ ነው። ጆሴፍ ሌዱ የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. ከ1980 ወዲህ ባሉት ዓመታት በኒው ዮርክ ከተማ ይህን በአይጦች መርምሮ አስረድቶአል። አይጧ አንድ ድምፅ ትሰማለች፤ ወዲያው እግሯን ትንሽ የኤሌክትሪክ ንዝረት ይነካታል። ይህ ጥቂት ጊዜ ከተደገመ በኋላ ንዝረቱ ቢቀርም ድምፁን ብቻ ሰምታ ባለችበት ደርቃ ትቀራለች።

ሌዱ የድምፁን መንገድ ሲከታተል ሁለት ሆኖ አገኘው። ሰው በዐይኑ ያየው፥ በጆሮውም የሰማው ነገር አስቀድሞ ወደ አንጎል መካከል ይደርሳል፤ ከዚያም ይከፈላል። አንደኛው መንገድ አጭር ሆኖ በቀጥታ ወደ አሚግዳላ ይሄዳል። ሁለተኛው ረጅም ነው፤ ወደ አንጎሉ ላይኛ ሽፋን ወጥቶ ነገሩ ምን እንደ ሆነ ከተመረመረ በኋላ ይወርዳል። አጭሩ መንገድ በሌሊት ኮሽታ ሲሰማ ወዲያው እንደሚጮኽ የግቢ ውሻ ነው፤ ረጅሙ ፋኖስ ይዞ ወጥቶ የመጣው ሌባ ወይም ዘመድ መሆኑን እንደሚለይ ባለቤት ነው። ባለቤቱ ከአልጋው ሳይነሣ ውሻው ጮኾአል። አሚግዳላ ባስጠነቀቀች ጊዜም ከኵላሊት በላይ ካሉት ዕጢዎች አድሬናሊን የተባለው ንጥረ ነገር ወደ ደም ይፈስሳል፤ ልብ ይመታል፥ እስትንፋስ ይፈጥናል፥ ጡንቻ ይወጠራል፥ አካል ለመሸሽ ወይም ለመታገል ይዘጋጃል። ይህ ሁሉ ሰውየው «ምን ሆነ?» ብሎ ከማሰቡ በፊት የሚፈጸም ነው።

የንስሐ አባት ይህን ሊያስተውል ይገባዋል። ኀጢአት በሐልዮ፥ በነቢብና በገቢር እንደሚሠራ እናስተምራለን። ይህ ድንጋጤ ግን ከሐልዮም የቀደመ ነው፤ ልቡና ሳያስብ፥ ፈቃድም ሳይጨመርበት ይደርሳል። ፈቃድ የሌለበት ነገር እንደምን በደል ይባላል? ሌዱም ራሱ እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተመው መጽሐፍ፥ አሚግዳላ የምታደርገው አደጋን ማወቅና አካልን ማንቀሳቀስ እንጂ ሰው በልቡናው የሚያውቀው የፍርሃት ስሜት ራሱ እንዳልሆነ፥ ሁለቱም ተለይተው ሊታዩ እንደሚገባቸው አሳስቦአል። የሥጋን መበርገግ ከልቡና መስማማት መለየት ለእኛ ለካህናት እንግዳ ትምህርት አይደለም።

ትዝታው እንደምን ይጻፋል?

ኤድዋር ክላፓሬድ የተባለ የስዊዘርላንድ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1911 የጻፈው አንድ ነገር አለ። አዲስ ነገር መያዝ የተሳናት፥ ሐኪሟንም በየጊዜው እንደ እንግዳ የምትቈጥር አንዲት ሕመምተኛ ነበረችው። አንድ ቀን በጣቶቹ መካከል መርፌ ሸሽጎ እጇን ጨበጠና ወጋት። እርሷም ነገሩን ወዲያው ረሳችው። በኋላ ግን እጁን በዘረጋላት ጊዜ እጇን ሰበሰበች፤ ስለ ምን እንደ ሰበሰበች ግን አጥርታ መናገር አልቻለችም። ከዚህ የምንማረው፥ ቃል የሌለው ትዝታ በሥጋ ውስጥ እንደሚኖር፥ አፍ ሊተርከው የማይችለውንም እጅ እንደሚያስታውሰው ነው።

ይህ ትዝታ የሚጻፈው የአንጎል ሕዋሳት እርስ በርሳቸው በሚገናኙበት ስፍራ ነው። ሁለት ሕዋሳት ደጋግመው አብረው ሲሠሩ መገናኛቸው ይጠነክራል፤ ትዝታው ለብዙ ዘመን እንዲቆይም አዳዲስ ፕሮቲኖች ይሠራሉ። ኤሪክ ካንዴል ይህን በባሕር ቀንድ አውጣ ላይ መርምሮ እ.ኤ.አ. በ2000 የኖቤል ሽልማት ተቀብሎአል። ጄምስ መጎ የተባለው የካሊፎርንያ ሊቅ ደግሞ በድንጋጤ ጊዜ የሚፈስሰው አድሬናሊን የትዝታውን ጽሕፈት እንደሚያደምቀው አሳይቶአል። ነገሩ በራሱ ክፉ አይደለም፤ ጠባቂ ነው። አንድ ጊዜ እባብ የነደፈው ሰው እባብን ቢረሳ ሁለተኛ ይነደፋልና።

ከአሚግዳላ አጠገብ ሂፖካምፐስ የምትባል ሌላ ክፍል አለች፤ የሆነውን ነገር ከስፍራውና ከጊዜው ጋር አያይዛ ትመዘግባለች። ታሪክ ጸሐፊ የሆነውን ከነዓመተ ምሕረቱ እንደሚጽፍ ያለ ነው። ድንጋጤው እጅግ በበረታ ጊዜ ግን፥ ሊቃውንቱ እንደሚያስረዱት፥ ሽታው፥ ድምፁ፥ የደሙ መልክ በአሚግዳላ በኩል ደምቆ ሲጻፍ፥ ስፍራውና ጊዜው በሚገባ ሳይያያዝለት ይቀራል። ዓመተ ምሕረት የሌለው ታሪክ የትናንት ይሁን የዛሬ አይታወቅም። ስለዚህም ሰውየው «ያ ሆኖ ነበር» ብሎ አያስታውስም፤ «አሁን እየሆነ ነው» ብሎ ይኖረዋል እንጂ። የተቃጠለ ነገር ሲሸተው ሰፈሩ እንደ ገና ይነድዳል፤ በደመራ ዕለት ርችት ሲተኰስ ምሽግ ውስጥ ይገኛል።

ትዝታው ሕማም የሚሆንበት ጊዜ

ከክፉ ነገር የተረፈ ሁሉ አይታመምም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው በዓለም ካሉት ሰዎች 70 በመቶ ያህሉ በዘመናቸው እንዲህ ያለ አስደንጋጭ ነገር ይደርስባቸዋል፤ ከእነዚህም ይህ ሕማም የሚጸናባቸው 5.6 በመቶ ያህሉ ናቸው። በጦርነትና በግፍ መካከል ባለፉት ዘንድ ግን ቍጥሩ ከዚህ ይበዛል።

ሕማሙ ለረጅም ዘመን ነውር ሲባል ኖሮአል። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቻርልስ ማየርስ የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1915 ስለዚህ ነገር በጻፈ ጊዜ የመድፍ ጥይት ድንጋጤ በሚባል ስም ጠራው፤ በኋላም ከዚህ ሕማም የተነሣ መቆም ያቃታቸው ወታደሮች እንደ ፈሪ ተቈጥረው ተዋርደዋል። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ነገሩን ራሱን የቻለ ሕማም አድርጎ በመጽሐፉ የመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። ምልክቶቹም አራት ወገን ናቸው። አንደኛው፥ ያለፈው ነገር በቅዠትና በድንገተኛ ትዝታ መመለሱ ነው። ሁለተኛው፥ የሚያስታውሰውን ስፍራ፥ ሰውና ወሬ መሸሽ ነው። ሦስተኛው፥ አሳብና ስሜት መበላሸቱ ነው፤ ደስታ ይጠፋል፥ ሰው ራሱን ይኰንናል፥ ከሚወዳቸው ይለያል። አራተኛው፥ ዘወትር እንደ ዘብ ነቅቶ መጠበቅ፥ እንቅልፍ ማጣት፥ በትንሽ ነገር መቈጣት ነው። እነዚህ ከአንድ ወር በላይ ከቆዩና ሥራንና ኑሮን ከከለከሉ ሐኪም የሚያስፈልገው ሕማም ነው ይላሉ።

ጽሕፈቱ አይፋቅም፥ ትርጓሜ ግን ይጻፍለታል

እንግዲህ ይህ ክፉ ጽሕፈት ይፋቃልን? ጸሐፊ በብራና ላይ የሳተውን ፊደል ፍቆ ያርማል። የፍርሃት ትዝታ ግን እንዲህ እንዳልሆነ አስቀድሞ ያስተዋለው እ.ኤ.አ. በ1904 የኖቤል ሽልማት የተቀበለው ሩሲያዊው ኢቫን ፓቭሎቭ ነው። ፓቭሎቭ ውሾችን ድምፅ እያሰማ ሲመግብ፥ ኋላ ድምፁን ብቻ ሰምተው ምራቃቸው ይፈስስ ጀመር። ደግሞ ምግብ ሳይሰጥ ድምፁን ደጋግሞ ቢያሰማቸው ምራቁ ቀረ። ውሾቹ ጥቂት ዐርፈው እንደ ገና ድምፁን በሰሙ ጊዜ ግን የቀረው ምራቅ ተመለሰ። የፊተኛው ትምህርት አልጠፋም ነበር ማለት ነው። ማርክ ቡተን የተባለው አሜሪካዊ ሊቅም በአንድ ክፍል ውስጥ ፍርሃቷን የተወች አይጥ ወደ ሌላ ክፍል ስትገባ ፍርሃቷ እንደሚመለስባት አሳይቶአል።

ከዚህ የተነሣ ሊቃውንቱ እንዲህ ይላሉ። ፍርሃት ሲቀር የፊተኛው ትዝታ ተፍቆ ሳይሆን፥ «ይህ ድምፅ አሁን አይጐዳም» የሚል አዲስ ትምህርት በአጠገቡ ስለ ተጻፈ ነው። ይህን አዲስ ትምህርት የሚጠብቀውም ከግንባር በስተ ኋላ ያለው የአንጎል ክፍል ነው፤ ወደ አሚግዳላ መልእክት እየላከ ጩኸቷን ዝም ያሰኛል። በድካም፥ በእንቅልፍ ማጣት ወይም በአዲስ ጭንቀት ጊዜ ይህ ጠባቂ ሲዝል የቀደመው ፍርሃት ተመልሶ ቢመጣ አያስገርምም።

በትርጓሜ ቤት ላደገ ሰው ይህ ነገር ቅርብ ነው። ንባቡ በመካከል ተጽፎ ይኖራል፤ መምህሩ አይፍቀውም። ትርጓሜው ግን በአጠገቡ ይመጣል፤ ንባቡ ብቻውን ቢያዝ የሚያሳስተውን ያቀናል። እንዲሁም የፍርሃት ንባብ በሥጋ ውስጥ እንደ ተጻፈ ይኖራል፤ ፈውስ የሚባለውም ትርጓሜውን አብሮ መጻፍ ነው። ተማሪ በአንድ ቀን ትርጓሜ አያወጣም፤ እየሰማ፥ እየደገመ፥ በመምህሩ ፊት ይቀጽላል።

በቅርብ ዘመን ሌላ ነገር ተጨምሮአል። እ.ኤ.አ. በ2000 ካሪም ናደር ከሌዱ ጋር ሆኖ፥ ትዝታ በተነሣ ጊዜ ለጥቂት ሰዓት እንደ ለሰለሰ ሰም ሆኖ እንደ ገና እንደሚታተም አስረዳ። አይጧ የምትፈራውን ድምፅ እንድትሰማ ከተደረገ በኋላ የፕሮቲን መሠራትን የሚከለክል ንጥረ ነገር በአሚግዳላዋ ቢጨመር፥ የኋለኛው ፍርሃቷ ደከመ፤ ትዝታው ሳይነሣ ቢጨመር ግን ምንም አልለወጠም። ይህን በሰው ሕክምና ላይ ማዋል ገና በምርምር ላይ ያለ ስለ ሆነ ተስፋውን ከልክ ማሳለፍ አይገባም። ነገር ግን አንድ ምክር ይሰጠናል። ትዝታ በተነሣበት ሰዓት የሰማው ቃልና ያየው ፊት ከትዝታው ጋር አብሮ ሊታተም ይችላል። የቍጣ ፊት ያየ እንደ ሆነ ቍጣው፥ የርኅራኄ ፊት ያየ እንደ ሆነ ርኅራኄው አብሮት ይኖራልና፥ የሚያዳምጥ ሰው ለፊቱ ይጠንቀቅ።

ሐኪሞች የሚፈውሱበት ሥርዓት

ፊላደልፊያ በምትባለው ከተማ የምትሠራው ኤድና ፎአ ያዘጋጀችው ሕክምና፥ ሕመምተኛው በሐኪሙ ፊት ሆኖ የደረሰበትን ነገር ቀስ በቀስ እንዲተርክ፥ የሚሸሸውንም ስፍራ ከቀላሉ ጀምሮ እንዲለምድ ያደርጋል። ይህም ከ8 እስከ 15 ጊዜ በሚሆን ግንኙነት ይፈጸማል። ዐይንን ወዲያና ወዲህ እያንቀሳቀሱ ትዝታውን የማንሣት ሌላ ሕክምናም አለ።

ለእኛ ሀገር ኑሮ ይበልጥ የሚቀርበው ግን በጀርመን ሀገር በኮንስታንስ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ሊቃውንት ለስደተኞችና ለጦርነት ተራፊዎች ያዘጋጁት ሥርዓት ነው። በዚህ ሥርዓት ሕመምተኛው የዕድሜው ምሳሌ የሆነ ገመድ በመሬት ላይ ይዘረጋል፤ ደስ ባለው ዘመን ላይ አበባ፥ ክፉ ባገኘው ዘመን ላይ ድንጋይ ያኖራል። ከዚያም ከልደቱ ጀምሮ በተራ ይተርካል፤ ወደ ድንጋዩ በደረሰ ጊዜ ያየውን፥ የሰማውን፥ ሥጋው የተሰማውን ሁሉ ቀስ ብሎ ይናገራል። ሰሚውም ጽፎ በሚቀጥለው ጊዜ ያነብለታል፤ በመጨረሻም ሙሉ ታሪኩ ተጽፎ ይሰጠዋል። ዓመተ ምሕረት ላልነበረው ትዝታ ዓመተ ምሕረት ተጻፈለት ማለት ነው። ይህ ሥርዓት በኡጋንዳ በነበሩ የሱዳን ስደተኞች ላይ ተሞክሮ መልካም ፍሬ ማስገኘቱ እ.ኤ.አ. በ2004 ታትሞአል። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመው ደግሞ በዚያው ሀገር በናኪቫሌ የስደተኞች ሰፈር ለሩዋንዳና ለሶማሊያ ስደተኞች ይህን ሕክምና የሰጡት ሐኪሞች ሳይሆኑ፥ ከስደተኞቹ መካከል ተመርጠው የሠለጠኑ ሰዎች እንደ ነበሩና እነርሱም እንደ ተሳካላቸው ያስረዳል። ባልንጀራ ለባልንጀራው በሥልጠናና በትዕግሥት መድኃኒት ሊሆነው ይችላል።

ከመድኃኒትም ወገን ሰርትራሊንና ፓሮክሰቲን የተባሉት ይሰጣሉ። እነዚህ ሥራቸው የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ስለ ሆነ፥ ሐኪም ሳያዝ በድንገት ማቋረጥ ጉዳት አለው። ዲያዜፓምን የመሰሉ ማስተኛዎች ግን ከአደጋው በኋላ ባለው የመጀመሪያው ወር ለዚህ ነገር እንዳይሰጡ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 መክሮአል። ደግሞም አደጋው በደረሰ በጥቂት ቀን ውስጥ ሰውን አስገድዶ ያየውን ሁሉ እንዲተርክ ማድረግ እንደማይጠቅም፥ አንዳንዱንም እንደሚጐዳ በተሰበሰቡ ምርምሮች ታውቆአል። መልካም የሆነው ትረካ እንኳ ጊዜና ሥርዓት ይፈልጋል።

ከንስሐ አባት የሚፈለግ

አንደኛ፥ አይገሥጽ። ነቢዩ ኤልያስ የኤልዛቤልን ዛቻ ፈርቶ ሸሽቶ በክትክታ ዛፍ ሥር ሞቱን በለመነ ጊዜ፥ እግዚአብሔር ስለ መፍራቱ አልወቀሰውም። መልአኩ ሁለት ጊዜ ቀስቅሶ እንጎቻና ውኃ ሰጠው፤ በመካከሉም እንዲተኛ ተወው (1ኛ ነገ. 19)። ቃል የመጣው ከእንቅልፍና ከምግብ በኋላ ነው። እኛ ግን ብዙ ጊዜ ቃሉን አስቀድመን ምግቡን እንረሳለን።

ሁለተኛ፥ ያዳምጥ፥ አያስገድድ። የኢዮብ ወዳጆች በመልካም የሠሩት ሰባት ቀን ዝም ብለው አብረውት በመሬት የተቀመጡበት ነው፤ ጥፋታቸው የጀመረው መፍረድ በጀመሩ ጊዜ ነው። ሰውየው ሊናገር በወደደ ጊዜ ይስማው፤ ዝም ባለ ጊዜም ዝምታውን ያክብርለት።

ሦስተኛ፥ ፍርሃትን ከበደል ይለይ። በጦርነት ውስጥ ያለፈ ሰው የተደረገበት ብቻ ሳይሆን ያደረገውም ሊያሠቃየው ይችላል። ለተደረገበት ነገር ቀኖና አይሰጥም፤ ማጽናናት እንጂ። ላደረገው በደል ግን ኑዛዜና ፍትሐት የተሰጠ ነውና፥ ይህን ሐኪም በካህን ፋንታ ሊሠራው አይችልም። በተለይ በግፍ የተደፈረች ሴት በተደረገባት ነገር ንስሐ ግቢ ብትባል፥ በቍስሏ ላይ ሁለተኛ ቍስል ይጨመርባታል።

አራተኛ፥ ጸበልና መድኃኒት አያጣላ። መንፈስ ርኩስ የለም አንልም፤ ቤተ ክርስቲያንም ጸሎቷንና ጸበሏን ከማንም አትከለክልም። ነገር ግን መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምንና መድኃኒትን የፈጠረ እግዚአብሔር መሆኑን ያስተምራል፤ ወንጌላዊው ሉቃስም ሐኪም ነበር። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ ማስተማራቸው ለዚህም ነገር ምሳሌ ይሆነናል። እንግዲህ «መድኃኒቱን ጣልና ተጠመቅ» የሚል ካህን ከሥልጣኑ ያልፋል። የታመመውን ማሰርና መምታትማ ድንጋጤን በድንጋጤ ላይ መጻፍ ነው። ለታመመ ሰው ጾምን ማቅለልም ከንስሐ አባት ሥልጣን ውስጥ ያለ ነው።

አምስተኛ፥ ወደ ሐኪም ይምራ፥ አብሮትም ይሁን። በአዲስ አበባ ከቀድሞ ጀምሮ የሚታወቀው የአማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል አለ፤ በየክልሉ ካሉት ሆስፒታሎችም በብዙዎቹ የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። ራሱን ለመግደል የሚያስብ ሰው ቢገኝ ግን ነገ አይባልም፤ በዚያው ቀን ይወሰድ፥ ብቻውንም አይተው።

ያ ጎልማሳ ዛሬ ቢመጣ ከከበሮው አጠገብ ቁም አንለውም ነበር። ከሐኪሙ ጋር ተማክረን፥ አስቀድሞ በደጀ ሰላሙ ቆሞ ከሩቅ እንዲሰማ፥ ልቡ ባረፈ ጊዜ ወደ ዐጸዱ፥ ከዚያም በወራት መካከል ወደ ቅኔ ማሕሌቱ በር እንዲቀርብ፥ አንድ የሚያውቀው ሰውም ከጎኑ እንዲቆም እናደርግ ነበር። የቤተ ክርስቲያናችን ሕንጻ ራሱ ከደጅ ወደ ውስጥ በየደረጃው የሚያስገባ ነው። ከበሮውንም ከመመታቱ በፊት አይቶ በእጁ ቢዳስሰው፥ ልጡ እባብ አለመሆኑን ቀስ በቀስ ይማር ነበር።

የፍሙ እሳት

ቅዱስ ጴጥሮስ ጌታውን ሦስት ጊዜ የካደው በሊቀ ካህናቱ ግቢ በፍም እሳት አጠገብ ሲሞቅ ነበር (ዮሐ. 18)። ከትንሣኤ በኋላ በጥብርያዶስ ባሕር ዳር ወደ ምድር በወጣ ጊዜ ፍም ተነጥፎ አገኘ፤ ጌታም በዚያ ፍም አጠገብ ምሳ አበላው፤ ከበሉም በኋላ ሦስት ጊዜ ጠየቀው (ዮሐ. 21)። በግሪኩ ወንጌል ይህ የፍም ስም የሚገኘው በእነዚህ በሁለቱ ስፍራዎች ብቻ ነው። ጴጥሮስ በዚህ ሕማም ታሞ ነበር አንልም፤ የርሱ ቍስል ክሕደቱ ነበርና። ነገር ግን የመድኃኒታችንን ሥርዓት እናያለን። የፊተኛውን ፍም «እርሳው» አላለውም፤ ከፍም አጠገብ ሌላ ትዝታ ሰጠው እንጂ። የሰጠውም በችኰላ ሳይሆን ካበላው በኋላ ነው። ከዚያች ቀን ወዲህ ጴጥሮስ ፍም ባየ ጊዜ ሁለቱንም ያስታውስ ነበር ብለን እናስባለን።

ጌታችን በተነሣ ጊዜም የችንካሩ ምልክት ከእጁ አልጠፋም፤ ቶማስ ዳሰሰው። ያ ምልክት ከትንሣኤ በኋላ ሞትን ሳይሆን ሕይወትን የሚመሰክር ሆነ። በልጆቻችን ላይ የተጻፈውን የፍርሃት ጽሕፈት ልንፍቀው ባንችል፥ በአጠገቡ ትርጓሜ እንዲጻፍ ፊታችንን፥ ጆሮአችንንና ጊዜአችንን መስጠት ግን ይቻለናል። ያንን ጎልማሳ የሚያውቅ ካህን ይህን ቢያነብ፥ የበደልነው እኛ መሆናችንን ይንገርልን፤ ደጀ ሰላሙም ክፍት መሆኑን ያስታውቅልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።